ሄፓታይተስ ሲን ቤት ውስጥ መመርመር፦ ከኪቱ ግዢ እስከ ቫይራል ሎድ

ሄፓታይተስ ሲ ጉበት ውስጥ የሚራባ ቫይረስ ነው። የያዘው ሰው 10 እና 20 ዓመት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ሥራውን ይሠራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነገር አይታይበትም። ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን ጠባሳ እየያዘ ይሄዳል። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውሃ ሲቋጥር፣ እግር ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ነገሩ ርቆ ሄዷል።

ክትባት የለውም። መድኃኒት ግን አለው፤ ያውም የሚያድን መድኃኒት። በቀን አንዴ የሚዋጥ እንክብል ለ12 ሳምንት ወስደው ከሚጨርሱ 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑት ከቫይረሱ ነጻ ይወጣሉ። ይህን ስንቱ ሰው ያውቃል? «ጉበት ተገኘብኝ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አይጠፋም።

መሀል አዲስ አበባ ላለ ሰው ችግሩ ርቀት አይደለም። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ክሊኒክ፣ ላብራቶሪና ፋርማሲ ሞልቷል። ሰውን የሚይዘው ሌላ ነው። ሰልፉ አለ። ከሥራ መቅረቱ አለ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ጎረቤት አግኝቶ «ምን ሆነህ ነው?» መባሉም አለ። ቤት ውስጥ ራስን መመርመር እነዚህን ያቃልላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሰዎች ራሳቸውን እንዲመረምሩ የመከረው በፈረንጆቹ 2021 ሲሆን፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያ ኪት (የመመርመሪያ ዕቃ) ያጸደቀው ደግሞ በ2024 ነው። ኦራኩዊክ ይባላል፤ ድድን በመጥረግ ብቻ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። የቤት ምርመራው «ታማሚ ናችሁ» ብሎ አይወስንም። «ወደ ላብራቶሪ ሂዱ» ወይም «ለጊዜው አያስፈልግም» ነው የሚላችሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ የምነግራችሁ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

በመጀመሪያ፦ መመርመር አለባችሁ? ጊዜውስ ደርሷል?

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የሌላ ሰው ደም ሊነካችሁ የሚችልበት አጋጣሚ ነበረ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሰፈር መርፌ ወጊ ጋ ተወግታችሁ ታውቃላችሁ? በልጅነት እንጥል ተቆርጣችኋል? ድዳችሁን ወይም አንገታችሁን ተነቅሳችኋል? ዋግምት ተደርጎላችኋል? ደም ተሰጥቷችኋል? ፈቃድ የሌለው ሰው ጥርስ ነቅሎላችኋል? ፀጉር ቤት ውስጥ ለሌላ ሰው ባገለገለ ምላጭ ተላጭታችኋል? የኩላሊት እጥበት ላይ ናችሁ? ኤችአይቪ በደማችሁ አለ? እናታችሁ ወይም የትዳር አጋራችሁ ቫይረሱ አለባቸው? ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ መመርመሩ ተገቢ ነው። በሥራቸው ከመርፌና ከደም ጋር የሚውሉ ነርሶች፣ የላብራቶሪ ሠራተኞችና የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞችም እንዲሁ።

በጉርሻ አይተላለፍም። ከአንድ ማዕድ በመብላት፣ በአንድ ስኒ በመጠጣት፣ በመሳሳም፣ በመተቃቀፍም አይተላለፍም። በግብረ ሥጋ ሊተላለፍ ይችላል፤ ግን እንደ ኤችአይቪ ወይም እንደ ሄፓታይተስ ቢ በቀላሉ አይደለም።

የጊዜው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። የቤት ኪት ቫይረሱን አያይም። የሚያየው ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው በአብዛኛው ሰው ላይ ለመታየት ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንዱ ላይ እስከ 6 ወርም ይቆያል። ባለፈው ሳምንት መርፌ የወጋው ሰው ዛሬ ኪት ቢገዛ ገንዘቡን ነው የሚያባክነው። እንዲህ ያለ ቅርብ አጋጣሚ ካላችሁ ኪቱን ተዉትና በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ቫይረሱን ራሱን የሚያየው የላብራቶሪ ምርመራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገኘዋል።

ከዚህ በፊት ሄፓታይተስ ሲ ታክማችሁ የዳናችሁ ሰዎችም ኪቱን አትግዙ። አንቲቦዲው ከዳናችሁ በኋላም ስለሚቆይ ኪቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መስመር፣ ማለትም «አንቲቦዲ አለ» የሚለውን ውጤት፣ ያሳያችኋል። ለሕፃናትም አይሆንም፤ የእናት አንቲቦዲ ሕፃኑ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል ልጁ ሳይያዝ ተያዘ ያስብላል።

አንድ ልማድ ግን እባካችሁ ይቅር። «ደም ልለግስ፣ በዚያውም ይመረምሩልኛል» የሚሉ ሰዎች አሉ። የደም ባንክ የተለገሰውን ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ እንደሚመረምር እውነት ነው። ነገር ግን በቅርቡ የተያዘ ሰው ደም ምርመራውን ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ያ ደም ደግሞ ለወላድ እናት ወይም ለሕፃን ይሰጣል። ከተጠራጠራችሁ መጀመሪያ ተመርመሩ፣ ልገሳው ይደርሳል።

ኪቱን ስትገዙ ምን እንደምታዩ

ሁሉም ፋርማሲ ላይኖረው ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ካገኛችሁ ከፋርማሲስቱ ጋር ቆማችሁ ሳጥኑን አገላብጣችሁ እዩ። የመንገድ ላይ ሻጭ ወይም በቴሌግራም የሚያስተዋውቅ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ጋ አትግዙ።

መጀመሪያ የምታዩት ስሙን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤችአይቪ ራስን መመርመሪያ ከቆየ ሰንብቷል፤ እሱም ኦራኩዊክ የሚባል አለው። ሳጥኖቹ ይመሳሰላሉ፣ የሚሠሩትም በተመሳሳይ መንገድ ነው። የምትፈልጉት የሄፓታይተስ ሲ መሆኑን፣ ሦስቱን ፊደላት «ኤች ሲ ቪ» የሚለውን አንብባችሁ አረጋግጡ። «ኤች ቢ» የሚል ፊደል ካያችሁ የሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ሌላ በሽታ ነው።

ቀጥሎ ኪቱ ለራስ ምርመራ የተሠራ ነው ወይ? ለላብራቶሪ ባለሙያ የተሠሩ፣ በ25 እና በ50 በአንድ ሳጥን የሚመጡ ስትሪፖች አሉ። ብዙዎቹ ከደም ሥር ተቀድቶ በማሽን የተጣራ ደም ይፈልጋሉ። አንድ ስትሪፕ ነጥሎ «ይኸው፣ ቤትህ ሞክረው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉ። የራስ ምርመራ ኪት ለአንድ ሰው በአንድ የታሸገ ፓኬት፣ በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ይዞ ነው የሚመጣው።

የመጠቀሚያ ጊዜውን ስታነቡ ተጠንቀቁ። የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ 2018 ላይ ሆኖ «2025» የሚል ያየ ሰው ገና ሰባት ዓመት አለው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የፈረንጅ 2025 ግን የእኛ 2018 አራተኛ ወር ላይ አልቋል። ስልካችሁ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ከፍታችሁ አወዳድሩ። ካለፈበት መልሱት። የተበላሸ ወይም የተጭበረበረ ከመሰላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ነጻ የስልክ መስመር አለው።

ኪት ካጣችሁ ነገሩ አይቁም። ጤና ጣቢያ ወይም የግል ላብራቶሪ ገብታችሁ «የሄፓታይተስ ሲ አንቲቦዲ ምርመራ» በሉ። ቤት የምትሠሩትን ዓይነት ፈጣን ምርመራ በደም ይሠሩላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ውጤቱም የዚያኑ ቀን ይደርሳል። ከዚህ በታች «ሁለት መስመር ካሳየ» የሚለው ክፍል ለእናንተም ነው።

ከመክፈታችሁ በፊት

አንድ ሰዓት ያህል ማንም የማያቋርጣችሁን ጊዜ ምረጡ። ቤቱ ሰው ከበዛበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ መታጠቢያ ቤቱ ይበቃል፤ መብራት ካለውና ኪቱን የምታቆሙበት ደረቅ ቦታ ካለው። ቅዝቃዜም ይቆጠራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ቤቱ በረዶ ሲሆን አትሥሩት፤ ከ15 ዲግሪ በታች ኪቱ ላያስተማምን ይችላል። ረፋዱ ላይ ይሻላል።

የድድ ኪት ከሆነ አፋችሁን ለ30 ደቂቃ አሳርፉ። ምግብ የለም፣ ቡና የለም፣ ማስቲካ የለም፣ ጫት የለም። የጥርስ ሳሙናም ሆነ መፋቂያ አትጠቀሙ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላችሁ አውልቁት። ጾመኛ ከሆናችሁ ከመፈሰካችሁ በፊት ያለው ሰዓት በጣም ይመቻል።

ሰዓት የሚቆጥር ስልክ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። አንድ የምታምኑት ሰው በስልክ ቢጠብቃችሁ ደስ ይለኛል። ውጤቱን መንገር ባይኖርባችሁም፣ ሁለት መስመር ብቻውን ሆኖ ማየት ለአንዳንዱ ሰው ይከብደዋል።

የድዱ ምርመራ አሠራር

በውስጡ ያለውን መመሪያ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አንብቡት። እኔ ከምለው ጋር ከተለያየ የመመሪያው ይበልጣል።

እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ፓኬቱ ሁለት ኪስ አለው። በአንዱ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ፣ በሌላው ጠፍጣፋ መጥረጊያ ጫፉ ላይ ያለው የመመርመሪያ ዘንግ አለ። ከዘንጉ ጋር እርጥበት የሚመጥ ትንሽ ከረጢት አብራ ትኖራለች። ከሌለች ኪቱ እርጥበት ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል አትጠቀሙበት። ካለች ጣሏት፣ ሥራዋን ጨርሳለች።

መጀመሪያ ብልቃጡን አውጡ። ክዳኑን ቀስ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ እያነቃነቃችሁ ክፈቱት። ፈሳሹ አይፍሰስ፣ አይጨመርበት፣ አይጠጣ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ በኃይል ይስበውና ጠረጴዛው ላይ ይደፋዋል። ብልቃጡን አብሮት በመጣው መቆሚያ ላይ አቁሙት።

አሁን ዘንጉን አውጡ። መጥረጊያውን በጣት አትንኩት። ከላይኛው ከንፈራችሁ ሥር አስገቡና የላይኛውን ድድ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አንድ ጊዜ ጥረጉት። ከዚያ የታችኛውን ድድ እንዲሁ አንድ ጊዜ። የምትጠርጉት ጥርሱ ከድዱ የሚገናኝበትን የውጩን በኩል ነው። ምላስን፣ ላንቃን፣ የጉንጭን ውስጥ አይደለም። ምራቅ ማጠራቀምም አያስፈልግም። የሚፈለገው ከድዱ የሚወጣው ፈሳሽ ነው፤ አንቲቦዲው ያለው እሱ ውስጥ ነው። ቫይረሱ ግን በምራቅ አይተላለፍም፤ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ዘንጉን ብልቃጡ ውስጥ ከተቱት። መጥረጊያው የብልቃጡን ታች እስኪነካ ድረስ ይግባ፤ የውጤት መስኮቱ ፊቱን ወደ እናንተ ያዙር። ሰዓቱን ወረቀቱ ላይ ጻፉ። መስኮቱ ላይ ሮዝ መልክ ያለው ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። ያ ውጤት አይደለም፣ ኪቱ መሥራት መጀመሩ ነው። አትነቅንቁት፣ አታውጡት። ከ20 ደቂቃ በፊት አታንብቡት። ከ40 ደቂቃ በኋላም አታንብቡት፤ የቆየ መስኮት ላይ የሚታይ መስመር አይታመንም። በዚህ መሀል ሻይ ጣዱ፣ ዜና ስሙ። መስኮቱ ላይ ዓይናችሁን ተክላችሁ አትጨነቁ።

የጣት ደም የሚጠይቅ ኪት ከሆነ

እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ ሙቀቱ ደሙን ያመጣዋል። የማትጽፉበትን እጅ የቀለበት ጣት ወይም የመሀል ጣት ምረጡ። ጫፉን በአልኮል ጥረጉትና እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ያልደረቀ አልኮል ደሙን ያበላሸዋል። መውጊያውን ከጣቱ መሀል ትንሽ ወደ ጎን አድርጋችሁ ተጫኑት። መሀሉ የበለጠ ያማል። እጃችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ ጣታችሁን ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ ብላችሁ አሻሹ እንጂ ጫፉን አትጭመቁት። ደሙን በመሳቢያው እስከ ምልክቱ ድረስ ሳቡ፣ ጉድጓዱ ላይ ጠብ አድርጉ፣ መመሪያው ያለውን ያህል ጠብታ ፈሳሽ ጨምሩ። የንባቡ ሰዓት ከኪት ኪት ስለሚለያይ መመሪያው ላይ ያለውን ተከተሉ። መውጊያው ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለባልና ሚስት እንኳ አይጋራም።

ውጤቱን ማንበብ

መስኮቱ ጎን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት አሉ። «ሲ» ኪቱ በትክክል መሥራቱን የሚያሳይ ነው፤ «ቲ» የእናንተ ውጤት ነው።

«ሲ» ላይ ብቻ መስመር ካለ አንቲቦዲ አልተገኘም። «ሲ» እና «ቲ» ላይ ሁለቱም ላይ ካለ አንቲቦዲ ተገኝቷል። «ሲ» ላይ መስመር ከሌለ፣ «ቲ» ላይ ቢኖርም ባይኖርም፣ ኪቱ አልሠራም፤ በሌላ ኪት ይደገማል።

የሚያከራክረው የደበዘዘ መስመር ነው። ሰው መብራት ሥር ወስዶ እያገላበጠ «ይኼ መስመር ነው ወይስ ጥላ?» ይላል። በሰዓቱ ውስጥ የታየ መስመር፣ የቱንም ያህል ቢደበዝዝ፣ መስመር ነው። የመስመሩ ድምቀት የበሽታውን ብርታት አይናገርም። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ሰዓቱም አብሮ ይመዘገባል፣ ለሐኪሙም ታሳያላችሁ።

ከዚያ ዕቃውን አስወግዱ። የድዱን ኪት ሁሉንም ላስቲክ ውስጥ አስራችሁ ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ይቻላል። የጣት መውጊያውን ግን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከታችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ በፕላስተርም ጠቅልሉት። ከተቻለ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ስጡ። ቤት ለቤት ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች ጆንያውን የሚያገላብጡት በእጃቸው ነው። ለነሱም እናስብ።

አንድ መስመር ካሳየ

የተጠራጠራችሁበት ነገር ከተፈጸመ 6 ወር ካላለፈው፣ ጊዜው ሲሞላ ድገሙት። ኤችአይቪ ያለባችሁ፣ የኩላሊት እጥበት የምታደርጉ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አንቲቦዲው ሳይታይ ሊቀር ይችላልና ለሐኪማችሁ ንገሩ። ይህ ኪት ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምንም እንዳልነገራችሁም አስታውሱ። አገራችን ውስጥ ቢ ከሲ ይበልጥ የተስፋፋ ነው፤ የራሱ ምርመራ አለው። ቢ ደግሞ ለአዋቂም ክትባት አለው። ነጻ ከሆናችሁ ተከተቡ።

ሁለት መስመር ካሳየ

ሌላ ሦስት ኪት ለመግዛት አትሩጡ። ሁለት መስመር በአብዛኛው በሕይወታችሁ በአንድ ወቅት ቫይረሱ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ከ10 ሰው ወደ 3 የሚሆነው ያለ መድኃኒት በራሱ ሰውነት ኃይል በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ቫይረሱን ያስወግደዋል። አንቲቦዲው ግን እንደቆሰለ ቦታ ጠባሳ ይቀራል። ስለዚህ አሁን የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቫይረሱ ዛሬም አለ?

መልሱን የሚሰጠው ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ ነው፤ ፒሲአርም ይሉታል። ለሳንባ ነቀርሳ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽንም በሌላ ካርትሪጅ ይሠራዋል። ካርድ አውጥታችሁ ገብታችሁ እንዲህ በሉ፦ «የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ራሴን አድርጌ ሁለት መስመር አሳይቷል። ማረጋገጫ፣ ቫይራል ሎድ ይታዘዝልኝ።» ፎቶውን አሳዩ። «አንቲቦዲውን እንደገና እናየዋለን» ቢሏችሁ አትከፉ፤ ብዙ ቦታ በራሳቸው ማረጋገጥ የተለመደ ነው። ግን አንቲቦዲውን ብቻ አይተው «አለብህ» ብለው ከሸኟችሁ ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል። በትሕትና፣ ግን ጸንታችሁ የቫይረሱን ምርመራ ጠይቁ።

የግል ላብራቶሪ ከመረጣችሁ አስቀድማችሁ ደውሉ። ዋጋው ስንት ነው? ውጤቱስ በስንት ቀን ይደርሳል? ናሙናውን እዚሁ ነው የምትሠሩት ወይስ ትልካላችሁ? ዋጋው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ። በመንግሥት በኩል ከሆነ በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የጉበት ሐኪሞች አሏቸው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሄዶ መመለስ ጉልበት መጨረስ ነው። የጤና መድን ካላችሁ መታወቂያውን ያዙ፣ የሚሸፍነውንም ካርድ ክፍል ጠይቁ።

ቫይረሱ ካልተገኘ ነጻ ናችሁ፤ መድኃኒት አያስፈልጋችሁም። ከተገኘ ሐኪሙ ጥቂት ነገር ያያል። የጉበት ምርመራ፣ የደም ሴል ቆጠራ፣ የኩላሊት ሥራ፣ ኤችአይቪና አልትራሳውንድ። ሄፓታይተስ ቢን መመርመሩን ግን እናንተም አትዘንጉ። ቢም አብሮ ካለና ሳይታወቅ የሲ ሕክምና ከተጀመረ፣ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳና ጉበቱን በኃይል ሊጎዳ ይችላል። ጥያቄው ሳይመለስ የመጀመሪያውን እንክብል አትዋጡ።

መድኃኒቶቹ በአብዛኛው ሶፎስቡቪር ከዳክላታስቪር ወይም ከቬልፓታስቪር ጋር ናቸው። በአገራችን በብዛት የሚታየውን 4ኛውን ዓይነት ጨምሮ ለቫይረሱ ዓይነቶች ሁሉ ይሠራሉ። ጉበቱ በጣም ለተጎዳ ሰው ጊዜው ሊረዝም ይችላል። የምትወስዱትን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ፤ በተለይ የቲቢውን ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትና የልብ መድኃኒት። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁም እንዲሁ።

ዳክላታስቪሩም ሶፎስቡቪሩም ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ስለዚህ ዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን አያግዳችሁም፤ በጾም ሰዓት የማይነካ አንድ ሰዓት ምረጡና በየቀኑ በዚያው ሰዓት ዋጡ። እንጦጦ ወጥታችሁ ጸበል የምትጠመቁ ከሆነ እንክብሉን ይዛችሁ ውጡ። ሁለቱ አይጣሉም። መሀል ላይ ማቋረጥ ግን ያስከፍላል።

«የወፍ በሽታ መድኃኒት» እየተባለ የሚጠጣውን ቅጠልና ሥር ግን እባካችሁ ተዉት። ውስጡ ያለው አይታወቅም፤ የታመመ ጉበት የሚያጣራው እሱኑ ነው። አረቄ፣ ጠጅ፣ ጠላና ቢራ ይቁም። ጫትም ጉበት እንደሚጎዳ በሕክምና የታየ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ

ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና ጥፍር መቁረጫ ለየብቻ ይሁን። የተቆረጠ ቦታ በፕላስተር ይሸፈን። የፈሰሰ ደም በበረኪና ይጸዳ። ሳህንና ብርጭቆ መለየት አያስፈልግም፤ ሰውን ከማዕድ ማግለል ስድብ ነው፣ ጥቅምም የለውም። የትዳር አጋርና ልጆች ግን ይመርመሩ። ፀጉር ቤት ስትሄዱ አዲስ ምላጭ ፊታችሁ እንዲፈታ ጠይቁ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትሄዱም ማንም አይቀየማችሁም።

መድኃኒቱን ከጨረሳችሁ በኋላ

የመጨረሻውን እንክብል ከዋጣችሁ 12 ሳምንት ሲሆን ቫይራል ሎድ እንደገና ትሠራላችሁ። ያን ጊዜ ቫይረሱ ካልታየ ድናችኋል። ይህን ቀን እንክብሉ እንዳለቀ ወዲያው ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ብዙ ሰው ደኅና ስለሆነ ይረሳዋል። መዳናችሁን በቤት ኪት ለማየት አትሞክሩ፤ አንቲቦዲው ስለሚቆይ ሁለት መስመር ያሳያችሁና በከንቱ ያስደነግጣችኋል። አንዴ መዳን ዳግም ከመያዝም አይከላከልም፤ መርፌውና ምላጩ ላይ ያለው ጥንቃቄ ይቀጥላል። ጉበቱ ጠባሳ የያዘ ሰው ደግሞ ከዳነም በኋላ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳ፤ የጉበት ካንሰር ቢመጣ በጊዜው ለመያዝ ነው።

የቫይራል ሎድ ውጤቱን በማኅተም የተጻፈ አድርጋችሁ ተቀበሉና ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አስቀምጡት። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የሚደረገውን የጤና ምርመራ ጨምሮ ወደፊት የትም ቦታ አንቲቦዲ ሲመረምሯችሁ «ሄፓታይተስ ሲ አለ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ወረቀቱን አውጥታችሁ ታሳያላችሁ፣ ቫይራል ሎዱም ይሠራልኝ ትላላችሁ።